አንድ በአንድ እንጠይቅ
ከባሕር በታች የሚሠራ ሮቦት ሲበላሽ ብልሽቱ እንዴት ይፈለጋል?



በዚህ እትም የግድግዳ ጋዜጣችን የሳይንስ ዓምድ ስለ ባሕር ውስጥ ሮቦት ልናወራ ነው። «ባሕር በሌለው አገር፣ ሮቦት በሌለው ማሠልጠኛ፣ ይህ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ብለን ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በማስተማር ልምምድ ላይ የደረሰብን ነገር ስለሆነ ከዚያው እንጀምር።

በ6ኛ ክፍል ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ልናስተምር ሦስት ሆነን ገባን። የያዝነው ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ አምፖል፣ ጥቂት ሽቦና አንድ ማብሪያ ነው። ጧት መኝታ ቤት ስንሞክረው በርቶ ነበር። ልጆቹ ፊት ግን እምቢ አለ። ታዲያ ምን አደረግን? አንዳችን ድንጋዮቹን አውጥተን መለስን፣ አንዳችን አምፖሉን ቀየርን፣ አንዳችን ሽቦውን ፈትተን እንደገና ጠመዘዝን። ሁሉም በአንድ ጊዜ! ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ፤ ደወል ተደወለ፤ አምፖሉም ሳይበራ ወጣን።

ማታ ዕቃውን ይዘን ወደ ፊዚክስ መምህራችን ሄድን። «መጀመሪያ የነካችሁት የቱን ነው?» አሉን። የሚያስታውስ ጠፋ። በቴስተር አንድ በአንድ ሲመረምሩት አንድ ሳይሆን ሁለት ብልሽት ተገኘ። አንደኛው ከመነሻው የነበረ ነው፤ የማብሪያው ምላስ ዝጓል። ሁለተኛውን የፈጠርነው እኛው ነን፤ በጥድፊያ የቀየርነው አምፖል የተቃጠለ ኖሯል። ማብሪያውን ብናጸዳውም ኖሮ መብራቱ አይበራም ነበር ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ፣ አምፖሉ ከአሮጌ ዕቃዎች ሣጥን መነሣቱን የሚያውቀው ጓደኛችን አፍሮ ዝም ማለቱ ነው።

መምህራችን አልተቆጡንም። «ይህስ አምፖል ነው። ከዚያ ሽቦ ጫፍ ላይ የሰው ነፍስ ቢኖርስ?» አሉና በ1965 ዓ.ም. በአየርላንድ አጠገብ ባሕር ላይ የሆነውን ታሪክ እንድናነብ ነገሩን። ያነበብነውንና ከዚያ የተማርነውን እነሆ እናካፍላችሁ።

ሮቦቱ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ሮቦት ሲባል ብዙዎቻችን እጅና እግር ያለው፣ ሰው የሚመስል ብረት ይታየናል። የባሕሩ ሮቦት እንዲህ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እንደ አልጋ ያለ የብረት ማቀፊያ ነው። በላዩ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ቀላል ነገር ይታሰርበታል። በውስጡ ካሜራ፣ መብራት፣ ፕሮፔለር የሚያዞሩ ሞተሮችና ዕቃ የሚጨብጥ የብረት ክንድ ይኖሩታል። ሰው አይሳፈርበትም። ነጂው መርከብ ላይ ተቀምጦ በቴሌቪዥን እያየ ይነዳዋል።

ሮቦቱንና መርከቡን የሚያገናኝ ረጅም ኬብል አለ። ኬብሉን እትብት ብንለው አንሳሳትም፤ የፅንሱ ሕይወት በእትብቱ እንደሆነ ሁሉ የሮቦቱም ሕይወት በኬብሉ ነው። ኤሌክትሪክና ትእዛዝ በሱ ይወርዳል፤ ሥዕል በሱ ይወጣል። «ለምን በሬድዮ አይነዱትም?» ያልን እንደሆነ፣ የሬድዮ ሞገድ በጨው ውሃ ውስጥ ርቆ መሄድ አይችልም። ድምፅ ይሄዳል፤ እንዲያውም በባሕር ውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ነገር ግን እንደ ኬብል ብዙ መልእክት አይሸከምም። ያለ ኬብል በራሳቸው የሚሄዱ ሮቦቶችም አሉ፤ የዛሬው ነገራችን ግን በኬብል ስለሚመሩት ነው።

ሦስቱ ጠላቶች

ሮቦቱ የሚበላሽባቸው ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም ጠቅለል ብናደርጋቸው ሦስት ጠላቶች እናገኛለን።

አንደኛው ግፊት ነው። ወደ ውሃ 10 ሜትር በጠለቅን ቁጥር በእያንዳንዱ ስኩየር ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ይጨመራል። በ480 ሜትር ጥልቀት ወደ 49 ኪሎ ይደርሳል። የአውራ ጣታችን ጥፍር 1 ስኩየር ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ በዚያች ጥፍር ላይ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተጫነ ማለት ነው። ይህ ግፊት ቀዳዳ ይፈልጋል። የኤሌክትሪኩ ዕቃ በጠንካራ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ በክዳኑ ዙሪያ የጎማ ቀለበት ይደረግለታል፤ መካኒኮች ኦሪንግ የሚሉት ነው። ታዲያ በዚያ ቀለበት ላይ አንዲት ፀጉር ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቀረች ውሃው መንገድ አገኘ። ስንት ገንዘብ የወጣበት ማሽን በአንዲት ፀጉር ይቆማል።

ለአንዳንዱ ክፍል ሌላ ዘዴ አለ። ሞተሩንና የሽቦ መገናኛ ሣጥኑን በዘይት ይሞሉታል። ዘይቱን ከውስጥ የሚገፋ ስፕሪንግ ያለው ዕቃ ስላለ የውስጡ ግፊት ከውጪው ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ትንሽ ስንጥቅ ቢፈጠር መጀመሪያ ዘይቱ ይወጣል እንጂ ውሃው አይገባም። ሮቦቱ ሲወጣ ሠራተኞቹ ዘይቱን ያያሉ፤ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቷል።

ሁለተኛው ጠላት ጨው ነው። የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የአንድ ሽቦ ልባስ ትንሽ ከተላጠ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ትቶ ወደ ባሕሩ ይፈስሳል። ኮንታክት ከተፈጠረም ፊውዙ ይቃጠላል። ጨው ብረትንም ይበላል። ዛሬ እርጥበት ብቻ የነካው መጋጠሚያ፣ ሳይታጠብ ከሰነበተ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል።

ሦስተኛው እንቅስቃሴ ነው። መርከቡ በማዕበል ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ኬብሉ ይወጠራል፣ ይላላል። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ እንደሚቆረጥ በእጃችን የሞከርነው ነው። ኬብሉም ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መሐሉ ላይ ሳይሆን ከሮቦቱ ጋር የሚጋጠምበት አካባቢ ነው፤ መታጠፉ የሚበዛው እዚያ ነዋ! ሮቦቱ በራሱ ኬብል ወይም በሌላ ገመድ ተጠላልፎ የሚያዝበትም ጊዜ አለ።

በአየርላንድ አጠገብ የሆነው

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ነሐሴ 23 ቀን 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1973) ነው። ሮጀር ቻፕማንና ሮጀር ማሊንሰን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ፓይሲስ 3 በምትባል ትንሽ ሰርጓጅ ጀልባ ውስጥ ሆነው ከአየርላንድ በስተደቡብ ምዕራብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ የስልክ ኬብል ይቀብሩ ነበር። በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ወርደው 8 ሰዓት ያህል ሠርተው ወጡ። ወደ መርከቡ ሊሳቡ ሲሉ ግን የጀልባዋ የኋላ ክፍል ክዳን በገመድ ተነቀለ። ክፍሉ ከ1 ቶን በላይ ውሃ ጠጣና ጀልባዋ ወደ ታች ሄደች። 480 ሜትር ወርዳ በጭራዋ ተተከለች።

ሰዎቹ የተቀመጡበት ክብ ክፍል ውሃ አልገባበትም። ስፋቱ ግን 2 ሜትር አይሞላም። ሲወርዱ የያዙት ኦክሲጅን ለ72 ሰዓት የሚበቃ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 8 ሰዓቱ በሥራ ላይ አልቋል። የቀራቸው ምግብ አንድ ሳንድዊችና አንድ ጣሳ ሎሚናት ነው። አየር ለመቆጠብ ሳይንቀሳቀሱ ተኙ። ወሬም ተዉ፤ «አለሁ» ለማለት አንዱ የሌላውን እጅ ጨበጥ ያደርግ ነበር።

ከላይ ርብርቡ ተጀመረ። ፓይሲስ 2 እና ፓይሲስ 5 የተባሉ እህት ጀልባዎች መጡ፤ አንዷ ከሰሜን ባሕር፣ ሌላዋ ከካናዳ። ከካሊፎርኒያ ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሮቦት፣ ከርቭ 3፣ በአውሮፕላን መጣና ጆን ካቦት በምትባል የካናዳ መርከብ ላይ ተጫነ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የዕቃ ብልሽት አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ፓይሲስ 2 ስትወርድ የያዘችው ማንሻ ገመድ ከክንዷ ተነቀለና ተመለሰች። ፓይሲስ 5 ወለሉ ላይ ስትፈልግ ኃይሏ አለቀና ወጣች፤ በኋላ ተመልሳ ብታገኛቸውም መንጠቆውን ማያያዝ አልሆነላትም። ፓይሲስ 2 እንደገና ስትሞክር ውሃ ገባባትና ተመለሰች። ነሐሴ 25 ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጆን ካቦት ከነሮቦቱ ደረሰች። ከርቭ 3 ግን ወደ ውሃ መግባት አልቻለም፤ የኤሌክትሪክ ብልሽት ይዞታል!

እስቲ ራሳችንን እዚያ እናስቀምጥ። ከእግራችን በታች 480 ሜትር ላይ ሁለት ሰዎች አየር እየቆጠሩ ነው። ፊታችን ያለው ማሽን አይሠራም። ማዕበል አለ፤ ሌሊቱ እየመጣ ነው። እንደኛ የ6ኛ ክፍል ትምህርት አንዱ ፊውዝ ቢቀይር፣ አንዱ ኬብል ቢፈታ፣ አንዱ ሞተር ቢነቅል ምን ይሆን ነበር? አንዱን ብልሽት ሁለት፣ ሁለቱን አራት ማድረግ ነው።

በማግስቱ ነሐሴ 26 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ፓይሲስ 2 እንደገና ወረደች። ከአንድ ሰዓት በኋላም የመጀመሪያውን ገመድ በጀልባዋ የኋላ ክፍል አሰረች። ጧት 3 ሰዓት ከ40 ላይ ከርቭ 3 ብልሽቱ ተወግዶለት ወረደና ሁለተኛውን ገመድ አያያዘ። 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጎተት ተጀመረ። 100 ሜትር ያህል ሲቀር ከርቭ 3 ራሱ በገመዱ ስለተጠላለፈ ሥራው ቆመ። እሱ ተፈትቶ እንደገና ተጎተተ። ከቀኑ 7 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ፓይሲስ 3 ከውሃ ብቅ አለች። ሁለቱም በሕይወት ወጡ። ከሰመጡ 76 ሰዓት ሆኗቸው ነበር። ጋኑ ውስጥ የቀረው ኦክሲጅን የ12 ደቂቃ ነው።

12 ደቂቃ ማለት ደወል ተደውሎ ተማሪ ክፍል ገብቶ ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ነው።

ብልሽት እንዴት ይፈለጋል?

ኬብል ያለው ሮቦት ባሕር ላይ ሲቆም ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች የሚከተሉት ሥርዓት አለ። በተራ በተራ እንየው።

1ኛ፤ እጅ መሰብሰብ። የመጀመሪያው ሥራ ምንም አለመንካት ነው። ኃይሉ ይጠፋል። ማብሪያው ይቆለፍና ቁልፉ በሚጠግነው ሰው ኪስ ይገባል፤ አንዱ ሲጠግን ሌላው ሳያውቅ ቢያበራ ሰው ይሞታል። ከዚያ የታየው ይጻፋል። «ሞተሩ ተበላሸ» አይባልም። «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጥልቀት፣ የግራው ሞተር ቆመ፤ መብራቱና ካሜራው ግን ይሠሩ ነበር» ይባላል። የኋለኛው አነጋገር ብዙ ነገር ይነግረናል። ካሜራው ይሠራ ከነበረ ኬብሉ በሙሉ አልተበጠሰም ማለት ነው።

2ኛ፤ የነካ ሰው ይናገራል። «ትናንት ያንን መጋጠሚያ ከፍቼ ዘግቻለሁ»፣ «ቀለበቱን ግራሶ መቀባት ረስቻለሁ መሰለኝ» የሚል ሰው ግማሹን ድካም ያስቀራል። እንዲህ ያለውን ሰው መስደብ የሚቀጥለውን ሰው ዝም ማሰኘት ነው። የሁለታችንም፣ የአለቃውም የበታቹም፣ ፈተና እዚህ ላይ ነው።

3ኛ፤ ለሁለት መክፈል። ብልሽቱ ላይ መርከቡ ዘንድ ነው ወይስ ታች ሮቦቱ ዘንድ? ኬብሉን ከሮቦቱ ነቅሎ መለካት ነው። ብልሽቱ ከነቀልነውም በኋላ ካለ፣ ያለው በኬብሉ ወይም በመርከቡ በኩል ነው። ከጠፋ ሮቦቱ ውስጥ ነው። የቀረውን እንደገና ለሁለት መክፈል ነው። ለምሳሌ ተራ በተራ የተያያዙ 16 ክፍሎች ቢኖሩና አንዱ ቢበላሽ፣ ከአንድ ጀምረን አንድ በአንድ ብንሄድ ዕድላችን ከከፋ 15 ጊዜ መሞከር ሊኖርብን ነው። ለሁለት እየከፈልን ብንሄድ ግን ከ16 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1፤ በ4 ሙከራ ተገኘ! ሒሳብ እንዲህ ጊዜ ይቆጥባል።

4ኛ፤ ከቀላሉና ከተደጋጋሚው መጀመር። ፊውዝ፣ መጋጠሚያ፣ የጎማ ቀለበት፣ የላላ ብሎን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው እነዚህ ላይ ነው። ሣጥን ከፍቶ ውስጡን ከመበርበር በፊት ውጪውን ማየት ይገባል፤ የተዘጋ ሣጥን በማዕበል መሐል መክፈት ራሱ ጨውና እርጥበት ማስገባት ነውና።

5ኛ፤ የሽቦውን ልባስ መለካት። ኤሌክትሪክ ወደ ባሕር እየፈሰሰ እንደሆነ የሚነግር መሣሪያ አለ፤ ሜገር ይባላል። በሽቦውና በሮቦቱ ብረት መሐል ያለውን ተቃውሞ በሚሊዮን ኦም ይለካል። ደህና ልባስ ብዙ ሚሊዮን ኦም ያሳያል፤ ውሃ የነካው ግን ቁጥሩ ይወርዳል። ቁጥሩ ወርዶ ከተገኘ መብራቱን ነቅሎ መለካት፣ ከዚያ ካሜራውን፣ ከዚያ ሞተሮቹን አንድ በአንድ። የትኛው ሲነቀል ነው ቁጥሩ የሚመለሰው? ሌባው እሱ ነው። ነገር ግን ሜገር ከፍተኛ ቮልት ስለሚልክ ስስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን አስቀድሞ መንቀል ያስፈልጋል። አለዚያ በሽታውን ስንፈልግ በሽተኛውን መግደል ይሆናል።

6ኛ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ መሞከር። አንድ ዕቃ ይቀየራል፤ ይሞከራል፤ ይጻፋል። ካልሆነ አሮጌው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከዚያ ሌላው። የወጣው ዕቃ ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቀመጣል እንጂ ከመለዋወጫው ጋር አይቀላቀልም። ይህን ስናነብ እኛ ሦስታችን ተያየን፤ የኛ አምፖል የመጣችው ከየት እንደሆነ ታውቃላችሁና።

7ኛ፤ ደረጃ በደረጃ መመለስ። የተጠገነው ሮቦት በቀጥታ ወደ ጥልቁ አይሰደድም። መጀመሪያ መርከቡ ላይ ለአጭር ጊዜ ይሞከራል። አጭር ያልነው በምክንያት ነው፤ ብዙዎቹ መብራቶችና ሞተሮች በውሃው ስለሚቀዘቅዙ አየር ላይ ብዙ ከቆዩ ይቃጠላሉ። ቀጥሎ ጥቂት ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባና ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ታች የሚወርደው። ሲወጣም በንጹሕ ውሃ ይታጠባል።

አንድ አስቸጋሪ ዓይነት ብልሽት አለ። ታች ሲሆን ይታመማል፤ ላይ ሲወጣ ይድናል። ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ የጥርስ ሕመሙ እንደሚተወው ሰው ነው። ምክንያቱ ግፊትና ብርድ ነው። ስንጥቁ የሚከፈተው ወይም ሽቦው የሚላቀቀው እዚያ ታች ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው «ተሽሎታል» ብሎ መልሶ ቢሰደው ይሳሳታል። በስንት ሜትር እንደጀመረውና በስንት ሜትር እንደተወው የተጻፈው ማስታወሻ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው።

ጥገና የማይሆንበት ጊዜ

ሁሉ ነገር ይጠገናል ማለታችን አይደለም። ጥር 9 ቀን 1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1966) በስፔን ፓሎማሬስ አጠገብ ሁለት የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ ተጋጭተው አራት የሃይድሮጂን ቦምቦች ወደቁ። ሦስቱ የብስ ላይ፣ አንዱ ባሕር ውስጥ ነው። የባሕሩን ለማውጣት ከርቭ የተባለው የመጀመሪያው ሮቦት ወደ 870 ሜትር ግድም ወረደ። እዚያም በቦምቡ ጃንጥላ ገመዶች ተጠላለፈ። ነጂዎቹ ሮቦቱን ለማስለቀቅ መታገል ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ሮቦቱም ቦምቡም አብረው እንዲጎተቱ ወሰኑ። መጋቢት 29 ቀን ሁለቱም ወጡ። ብልሽት መስሎ የታየው መጠላለፍ እንደ ማሰሪያ አገለገለ። ይህ ዕድል ብቻ አይደለም፤ ቆም ብሎ «አሁን ዓላማችን ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ጨርሶ የጠፉም አሉ። ካይኮ የተባለው የጃፓን ሮቦት እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ጥልቅ ወደሆነው የማሪያና ሸለቆ 10,911 ሜትር ወርዶ ነበር። በ2003 ግን አውሎ ነፋስ ሲቃረብ ኬብሉ ተበጠሰና ባሕር ወሰደው። ኔሪየስ የተባለው የአሜሪካ ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2014 ከኒውዚላንድ በስተሰሜን ምሥራቅ በከርማዴክ ሸለቆ ወደ 9,900 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳለ ተሰባበረ፤ ስብርባሪው ውሃ ላይ ተንሳፎ ታየ። እንዲህ ሲሆን የሚቀረው ነገር የተጻፈው መዝገብ ነው። የሚቀጥለው ማሽን የሚሻለው በዚያ መዝገብ ነው።

ለኛ ለመምህራን ምን ይሆነናል?

ውድ እጩ መምህራን፣ አሁን ከመርከቡ ወደ ጥቁር ሰሌዳችን እንመለስ። ነገ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት ስንሄድ ሮቦት አይጠብቀንም። «ማካፈል አይችልም» የሚባል ልጅ ግን ይጠብቀናል።

«አይችልም» የታየው ምልክት እንጂ ምክንያቱ አይደለም። «ሮቦቱ ቆመ» እንደማለት ነው። 1,236 ለ4 ሲካፈል ልጁ የተሳሳተው የቱ ጋ ነው? የማባዛት ሠንጠረዡን ስላላወቀ ነው? መቀነሱ ላይ ነው? 3 ለ4 አልደርስ ሲል 0 መጻፉን ረስቶ ነው? ወይስ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው አይታየውም? እያንዳንዱን በአንድ ትንሽ ጥያቄ መለየት ይቻላል። 4 ጊዜ 9 ስንት ነው? መለሰ እንበል፤ ሠንጠረዡ ደህና ነው ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው እንለፍ።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ምንድን ነው? በአንድ ቀን ወንበሩን እናስቀይረዋለን፣ እንቆጣዋለን፣ የቤት ሥራ እንጨምርለታለን፣ ወላጅ አምጣ እንለዋለን። ቢሻለው በየትኛው እንደተሻለው አናውቅም። ቢብስበትም በየትኛው እንደባሰበት አናውቅም። ምናልባትም የመጀመሪያው ችግሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ ፍርሃት የሚባል ሁለተኛ ብልሽት ጨምረንበታል። የተቃጠለ አምፖል ይሉታል ይህ ነው።

ለመሞከር የሚፈልግ ካለ ሁለት ቀላል ሙከራዎች እንጠቁም። አንድ ጣሳ በጎኑ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች እኩል ስፋት ያላቸው ሦስት ቀዳዳዎች ይበሳ። ውሃ ሲሞላ በየትኛው ቀዳዳ ነው ውሃው በኃይል የሚወጣው? ልጆቹ አይተው ይንገሩን። ሁለተኛው፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቃውሞውን ማንበብ፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሮ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድ ማሳየት ነው። ግፊትና ጨው፣ ሁለቱ የሮቦቱ ጠላቶች፣ በጣሳና በብርጭቆ ታዩ ማለት ነው።

በመጨረሻም የኛን ነገር እንጨርስ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው 6ኛ ክፍል ተመለስን። ይህን ጊዜ ዑደቱን ሆን ብለን አበላሽተን ነው የገባነው። «ልጆች፣ አይበራም። የቱ ጋ ነው የቆመው? አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ» አልን። አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ማብሪያውን ዘልለን ሽቦውን ብናገናኘውስ?» አለች። ሞከረችው፤ አልበራም። «እንግዲያው ማብሪያው ደህና ነው፤ ወደ ሌላው እንሂድ» ብላ ራሷ ቀጠለች። ከጥቂት ጥያቄ በኋላ ልባሱ ውስጥ የተበጠሰውን ሽቦ አገኙትና አምፖሉ በራ።

ያን ጊዜ ዝም ብሎ የነበረው ጓደኛችን ተነሣና ባለፈው ሳምንት አምፖሉን ያበላሸው እሱ መሆኑን፣ ዝም ማለቱም ስሕተት እንደነበረ ለልጆቹ ነገራቸው። እንስቃለን ብለን ፈርተን ነበር፤ የሳቀ ልጅ ግን አልነበረም።

እናንተም በማስተማር ልምምድ ላይ የገጠማችሁን ብልሽት፣ የዕቃም ይሁን የትምህርት አሰጣጥ፣ ጻፉልንና በሚቀጥለው እትም እናውጣው። የነካነውን እንናገር፤ አንድ በአንድ እንጠይቅ።